ካዛንቺስ በኪሎዋት ሲከራይ፦ የዳታ ሴንተር ሕንፃ ትርፍና ኪሳራ

በአዲስ አበባ የሕንፃ ገበያ ሻጭም ሆነ ገዢ፣ አከራይም ሆነ ተከራይ፣ ደላላውም ጭምር የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ካሬው ስንት ነው?» ይባላል። በቅርብ ዓመታት ግን በዚህ መለኪያ የማይለካ ተከራይ ወደ ገበያው ገብቷል። ይህ ተከራይ መስኮት አይፈልግም፤ ጎብኚ አያስተናግድም፤ ሌሊትና በዓል አያውቅም። ቦታው ምን ያህል እንደሚሰፋ ከመጠየቁ በፊት «ስንት ኪሎዋት ታቀርባላችሁ?» ይላል። ተከራዩ ኮምፒዩተር ሲሆን ቤቱም ዳታ ሴንተር ይባላል።

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም በካዛንቺስ፣ ይህ ጉዳይ የወሬ ብቻ አይደለም። ሠፈሩ ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንስቶ በኮሪደር ልማትና በመልሶ ማልማት ሥራ መልኩ ተለውጧል። አሮጌዎቹ ቤቶች ፈርሰዋል፣ ነዋሪዎችም ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሥፍራዎች ተዛውረዋል። በቀረው መሬት ላይ ምን ይሠራ የሚለው ጥያቄ የባለሀብቱ ጥያቄ ሆኗል። አንዱ ሆቴል ይላል፣ ሌላው ቢሮ፣ ሦስተኛው አፓርታማ። ጥቂቶች ደግሞ «ለምን ዳታ ሴንተር አይሆንም?» ማለት ጀምረዋል። ጥያቄው መልካም ነው። መልሱ ግን የሚገኘው በስሌት እንጂ በምኞት አይደለም።

ሠፈሩና ታሪኩ

የካዛንቺስ ስም ራሱ የሪል ስቴት ስም መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ድርጅት በምኅጻረ ቃል «ኢንቺስ» ይባል ነበር። «ካዜ ኢንቺስ» ማለትም የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። በሕዝቡ አፍ ተቃንቶ ካዛንቺስ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሠፈሩ በየዘመኑ የሚፈለገውን ቤት ሲያቀርብ ኖሯል። በ1953 ዓ.ም. አፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ፤ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚክ ኮሚሽን እዚያው ከተመ። ከዚያም ሂልተን መጣ፤ ሌሎች ሆቴሎችና የቢሮ ሕንፃዎችም ተከተሉ።

ለዛሬው ርዕስ ይበልጥ የሚቀርብ ሌላ ታሪክም አለ። ኢትዮጵያ በኢንተርኔት ከዓለም ጋር ከመገናኘቷ በፊት የኤሌክትሮኒክ መልእክት ያስተላልፍ የነበረው ኮምፒዩተር የተቀመጠው በዚሁ አካባቢ ነው። በኢኮኖሚክ ኮሚሽኑ ሥር የነበረውና ፓዲስ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የሰነድና የመረጃ ክፍል፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በስልክ መስመርና በሞደም መልእክት እየሰበሰበ ወደ ውጭ ይልክ፣ የመጣውንም ያከፋፍል ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረው ከዚያ በኋላ በ1989 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ካዛንቺስ የሰው ብቻ ሳይሆን የመረጃም ማደሪያ ከሆነ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፎታል ማለት ይቻላል። ልዩነቱ የዚያን ጊዜው ኮምፒዩተር አንድ ጠረጴዛ ላይ ይበቃው ነበር፤ የዛሬው ግን ትራንስፎርመር ይፈልጋል።

ለመሆኑ ዳታ ሴንተር ምን ዓይነት ንብረት ነው?

ዳታ ሴንተር ማለት ሰርቨር የሚባሉት ኮምፒዩተሮች በራክ ማለትም በብረት መደርደሪያ ተደርድረው፣ ኃይል ሳይቋረጥባቸው፣ ሳይሞቁና ሳይሰረቁ ሌት ተቀን የሚሠሩበት ቤት ነው። የባንክ ሂሳብ፣ የቴሌብር ዝውውር፣ የአየር መንገድ ትኬት፣ የሆስፒታል መዝገብ ሁሉ የሚያድረው እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ነው።

ባለቤቱ ገበያ የሚገባባቸው መንገዶች በሦስት ይከፈላሉ። አንደኛው ባዶ ቤት ማከራየት ነው። ባለሕንፃው መሬቱን፣ ግድግዳውን፣ የኃይል መስመሩንና የፋይበር መግቢያውን ያቀርባል፤ ቀሪውን ዕቃ ተከራዩ ያስገባል። ሁለተኛው የተሟላ ቤት ማከራየት ነው፤ ጄኔሬተሩም፣ ባትሪውም፣ ማቀዝቀዣውም የባለሕንፃው ይሆንና ተከራዩ ሰርቨሩን ብቻ ይዞ ይገባል። ሦስተኛው ሰርቨሩንም ጭምር ገዝቶ አገልግሎት መሸጥ ነው። ሦስተኛው ከሕንፃ ንግድ ይወጣና የቴክኖሎጂ ንግድ ይሆናል። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ያለው ልዩነት ግን የዚህ ትምህርት እምብርት ነው፤ ብዙ ገንዘብ የሚበላውና ብዙ ሰው የሚሳሳትበት እዚያ ላይ ነውና።

የቤቱ ደረጃም አለ። አፕታይም ኢንስቲትዩት የተባለው የአሜሪካ ተቋም ዳታ ሴንተሮችን ከአንድ እስከ አራት በደረጃ ይመድባል። ደረጃ አንድ አንድ የኃይልና የማቀዝቀዣ መስመር ብቻ ያለው ነው። ደረጃ ሦስት ማለት የትኛውም መሣሪያ ለጥገና ቢነቀል ሰርቨሩ ሥራ የማያቆምበት ነው። በገበያው ዘንድ በተለምዶ ደረጃ አንድ በዓመት 29 ሰዓት ያህል፣ ደረጃ ሦስት ደግሞ አንድ ሰዓት ከግማሽ ገደማ የመቋረጥ አበል እንዳለው ይታሰባል። ባንክ የሚጠይቀው ሦስተኛውን ነው። ሦስተኛው ደግሞ ብዙውን ዕቃ እጥፍ አድርጎ መግዛትን ይጠይቃል።

ቀደምቶቹ የት ሄዱ?

በአዲስ አበባ ለሌሎች ድርጅቶች የሚያከራዩ የግል ዳታ ሴንተሮች ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ መታየት ጀምረዋል። ራክሲዮ፣ ውንጉ አፍሪካና ሬድፎክስ ይጠቀሳሉ። ሦስቱም የሚገኙት ካዛንቺስ አይደለም፤ ሜክሲኮም አይደለም። ሁሉም ከመሐል ከተማው ወጣ ብለው በጎሮ አካባቢ ባለው የአይሲቲ ፓርክ ነው የከተሙት። ራክሲዮ ያስታወቀው ሙሉ አቅም 800 ራክና 3 ሜጋዋት ነው። ይህ ሲካፈል ለአንድ ራክ 3.75 ኪሎዋት ይደርሳል። አንድ ራክ ወለል ላይ የሚይዘው ቦታ ደግሞ 0.7 ካሬ ሜትር ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ቦታው ትንሽ፣ ኃይሉ ብዙ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ለምን ወደ ፓርኩ ሄዱ? መሬቱ ሰፊ ነው፤ ሕንፃው ከመሠረቱ ለዚሁ ሥራ ተብሎ ይሠራል፤ ጄኔሬተሩ ቢያጓራ የሚነቃ የሆቴል እንግዳ የለም፤ የነዳጅ ታንከር ያለችግር ይገባል ይወጣል። ከሁሉም በላይ አቅም ቢያንስ ከጎን መጨመር ይቻላል። በካዛንቺስ ግን ከጎን ያለው የሌላ ሰው ሕንፃ ነው።

ኃይል ብቻ የሚፈልጉት ደግሞ ከዚያም ርቀው ሄደዋል። የቢትኮይን ማዕድን አውጪ የሚባሉት ድርጅቶች ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ውል ተዋውለው በከፍተኛ የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያዎች አጠገብ በኮንቴይነር ውስጥ ሰፈሩ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ከዌስት ዳታ ግሩፕ ጋር 250 ሚሊዮን ዶላር ለሚገመት የዳታ ማይኒንግና የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ማዕከል የመግባቢያ ስምምነት መፈረሙ ይታወሳል። ይሁንና ጥያቄው ከአቅም በላይ እየሆነ በመምጣቱ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2025 አዲስ የማይኒንግ ደንበኛ መቀበል ማቆሙን አስታውቋል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ነገር ግን በአገር ደረጃ ኃይል መኖሩ ካዛንቺስ ያለው ሕንፃ በር ላይ ኃይል አለ ማለት አይደለም። በመካከሉ ማስተላለፊያ፣ ማከፋፈያና ትራንስፎርመር አለ።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። በአየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2023 ዳታ ሴንተሮች ከአገሪቱ የቆጣሪ ፍጆታ 21 በመቶውን በመውሰዳቸው በደብሊን አዲስ መስመር ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል። ሲንጋፖርም ከ2019 እስከ 2022 አዲስ ግንባታ አግዳ ነበር። በሁለቱም ከተሞች መጀመሪያ ያለቀው መሬት ሳይሆን መብራት ነው።

የአንድ ወለል ስሌት

አሁን ወደ ገበያው እንምጣ። አንድ የካዛንቺስ ሕንፃ ባለቤት 400 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ባዶ ወለል አለው እንበል። ደላላው «ለቢሮ ከምታከራየው ለሰርቨር ብታደርገው ሰባት እጥፍ ታገኛለህ» ይለዋል። ደላላው ውሸት አልተናገረም። ይሁን እንጂ እውነቱንም ጨርሶ አልነገረውም። በሚከተለው ስሌት ውስጥ ያለው ኪራይ፣ ምንዛሪና ወለድ ለመማሪያ እንዲመች የተወሰደ ግምት ነው፤ አንባቢ የራሱን ቁጥር ተክቶ ማስላት ይችላል።

ወለሉ ለቢሮ ቢከራይ፣ ካሬው በወር 1,000 ብር ሆኖ፣ በወር 400,000 ብር ወይም በዓመት 4.8 ሚሊዮን ብር ያስገባል።

ያው ወለል 20 ራክ ቢያስተናግድና እያንዳንዱ 5 ኪሎዋት ቢፈልግ ለሰርቨር የሚሸጠው ኃይል 100 ኪሎዋት ይሆናል። በዓለም ገበያ አንድ ሜጋዋት ዳታ ሴንተር ከነሕንፃው ለመሥራት 10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይጠይቃል። በዚህ ሂሳብ 100 ኪሎዋቱ 1 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል። ሕንፃው ስላለ ሰላሳ በመቶው ይቀነስለት እንበል፤ ለጄኔሬተር፣ ለባትሪ፣ ለማቀዝቀዣ፣ ለእሳት መከላከያና ለኬብል 700,000 ዶላር ይቀራል። ዶላሩ በ150 ብር ቢታሰብ 105 ሚሊዮን ብር ነው።

ይህ ገንዘብ በዓመት ምን ያህል ያስወጣል? ዕቃው በአማካይ 12 ዓመት ያገለግላል ቢባል የዓመት የእርጅና ቅናሹ 8.75 ሚሊዮን ብር ነው። የገንዘቡ ወለድ በ18 በመቶ ቢሰላ በመጀመሪያው ዓመት 18.9 ሚሊዮን ብር ይሆናል። የቀረው የቢሮ ኪራይ 4.8 ሚሊዮን ሲደመርበት ድምሩ 32.45 ሚሊዮን ብር ይደርሳል። ባለቤቱ ሳይከስርና ሳያተርፍ እንዲወጣ ይህን ያህል ማስገባት አለበት ማለት ነው። መብራት፣ ነዳጅ፣ ዘበኛና የቴክኒክ ሠራተኛ ገና አልገቡም።

100ውም ኪሎዋት ቢሸጥ የአንዱ ኪሎዋት የወር ኪራይ 27,000 ብር ገደማ መሆን አለበት። ከጠቅላላው ወለል በወር 2.7 ሚሊዮን ብር ይሰበሰባል። ይህ ከቢሮው 400,000 ብር ሰባት እጥፍ ያህል ነው። የደላላው ቃል እውነት ሆነ! ነገር ግን ባለቤቱ በዚህ ዋጋ ያተረፈው ምንም የለም። ሰባት እጥፉ ኪራይ የሄደው ለዕቃ ሻጩና ለባንኩ ነው።

ግማሹ ብቻ ቢሸጥስ? ወጪው ያው ሆኖ ኪሎዋቱ 54,000 ብር መሸጥ ይኖርበታል። በዚያ ዋጋ ደንበኛ ወደ አይሲቲ ፓርክ ይሄዳል ወይም ሰርቨሩን ናይሮቢ ያስቀምጣል። ቢሮ ግማሹ ባዶ ቢሆን ባለቤቱ ግማሽ ገቢ ያጣል፤ ዳታ ሴንተር ግማሹ ባዶ ቢሆን ግን ባለቤቱ ሕንፃውን ሊያጣ ይችላል።

የዶላሩም ነገር አለ። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ዕቃ በዶላር ገዝቶ በብር የሚያከራይ ሰው አደጋው በግልጽ ይታየዋል። ከላይ ባለው ምሳሌ ዶላር በ10 ብር ሲጨምር የዕቃው ዋጋ በ7 ሚሊዮን ብር ከፍ ይላል። ዕቃው አንዴ ከተገዛ ይህ ጭማሪ አይነካም የሚል ይኖራል። ይሁንና ባትሪ በየጥቂት ዓመቱ ይለወጣል፤ መለዋወጫም ከውጭ ነው የሚመጣው።

የመብራት ሂሳብ

ሰርቨሩ 100 ኪሎዋት ቢፈጅ ሕንፃው የሚፈጀው 100 ብቻ አይደለም። ማቀዝቀዣው፣ ባትሪውና መብራቱ የራሳቸውን ይወስዳሉ። በዓለም ላይ ባሉ ዳታ ሴንተሮች አማካይ ልማድ መሠረት ለሰርቨር ለሚገባ 1 ኪሎዋት በጠቅላላው 1.5 ኪሎዋት ገደማ ከመስመሩ ይሳባል። በዚህ ሂሳብ ወለሉ ያለማቋረጥ 150 ኪሎዋት ይስባል። ዓመቱ 8,760 ሰዓት ስለሆነ ፍጆታው 1,314,000 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። እንግዲህ ታሪፉ በአንድ ብር በጨመረ ቁጥር የዓመቱ ሂሳብ በ1.3 ሚሊዮን ብር ከፍ ይላል። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር መወሰኑ ይታወቃል። ስለዚህ መብራትን በኪራዩ ውስጥ አጠቃሎ የሚዋዋል ባለሕንፃ ነገ ምን እንደሚከፍል ሳያውቅ ይፈርማል። ለእያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ ቆጣሪ ሊኖረው፣ ሂሳቡም በወቅቱ ታሪፍ ሊከፈል ይገባል።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጄኔሬተር ይነሳል። 150 ኪሎዋት ለመሸከም በሰዓት 40 ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ናፍጣ ይቃጠላል። ለአንድ ሙሉ ቀን ወደ 1,000 ሊትር ይጠጋል። ይህን ያህል ነዳጅ ከሆቴልና ከመኖሪያ አጠገብ ማስቀመጥ የእሳት አደጋ ጉዳይ ነው፤ የኢንሹራንስ ጉዳይም ነው። ኢንሹራንሱ ሳይጠየቅ የተቀበረ ታንከር አደጋ በደረሰ ቀን ካሳ ማስከልከያ ይሆናል።

የከፍታው በረከትና እዳ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። ብዙዎች አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ማቀዝቀዣ አያስፈልግም ይላሉ። ግማሽ እውነት ነው። ሰርቨር የሚስበው አየር ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ይመከራል፤ የከተማችን የውጭ አየር ብዙውን ጊዜ ከዚህ በታች ነው። ስለዚህ በዓመቱ አብዛኛው ክፍል የውጭውን አየር አጣርቶ በመጠቀም የመብራት ወጪን መቀነስ ይቻላል። በሞቃት አገር ያለ ተወዳዳሪ ይህን አያገኝም።

በአንጻሩ አየሩ ስስ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ዳርቻው አንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። ስስ አየር ሙቀት የመሸከም አቅሙም ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ማራገቢያው ብዙ አየር መግፋት አለበት። ናፍጣ ጄኔሬተርም ኦክስጅን ሲያንሰው ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ጉልበት ሁልጊዜ አይሰጥም። አምራቾቹ በከፍታ ምን ያህል እንደሚቀነስ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አላቸው። በወደብ ከተማ መለኪያ የታዘዘ ጄኔሬተር ካዛንቺስ ሲደርስ ደክሞ ይገኛል። ዕቃ ከማዘዝ በፊት ይህን ሠንጠረዥ መጠየቅ ምንም ገንዘብ አያስወጣም፤ አለመጠየቅ ግን ያስወጣል።

ወለሉ ይሸከማል?

የቢሮ ወለል በተለምዶ በካሬ ሜትር ከ250 እስከ 300 ኪሎ ግራም ጭነት እንዲሸከም ይነደፋል። የሞላ ራክ ግን ብቻውን አንድ ቶን ሊደርስ ይችላል፤ ያረፈውም ከአንድ ካሬ ሜትር ባነሰ ቦታ ላይ ነው። ለዳታ ሴንተር የሚነደፍ ወለል በካሬ ሜትር አንድ ቶንና ከዚያ በላይ እንዲችል ይደረጋል። የባትሪ ክፍል ከዚህም ይብሳል። ስለዚህ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ራክ ከመደርደር በፊት የሕንፃውን ንድፍ የሠራው መሐንዲስ ቃል ያስፈልጋል። የወለሉ ከፍታም ይታያል፤ ኬብሉና የአየር ቧንቧው ከላይም ከታችም ስለሚያልፍ ሦስት ሜትር የማይሞላ ቢሮ አይመችም።

ታዲያ ምድር ቤት ይሻላል? ለጭነቱ አዎን፣ ለክረምቱ ግን አይደለም። ነሐሴ ላይ የውሃ መሳቢያ ፓምፕ የሚያሠራ ምድር ቤት ለሰርቨር አይሆንም። የሚመረጠው ከመንገዱ ከፍ ያለው የመጀመሪያው ወለል ነው። እሱ ደግሞ በካዛንቺስ ለሱቅና ለባንክ ቅርንጫፍ ከሁሉም የበለጠ ኪራይ የሚያወጣ ወለል ነው። የዳታ ሴንተሩ ስሌት ከዚህ ኪራይ ጋርም መወዳደር አለበት።

ታዲያ ካዛንቺስ ምን ትሽጥ?

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ካዛንቺስ ለዚህ ንግድ አትሆንም ማለት አይደለም። ትልቁ መጋዘን ለጎሮ ቢሆንም መሐል ከተማው የራሱ ሸቀጥ አለው፤ ሸቀጡም ቅርበት ነው።

ኢኮኖሚክ ኮሚሽኑ፣ ሆቴሎቹ፣ ኤምባሲዎቹ፣ የኢንሹራንስ ኩባንያዎቹና የባንክ ዋና መሥሪያ ቤቶች ከዚህ ብዙም አይርቁም። ትልቁን ሰርቨራቸውን ሩቅ ቢያስቀምጡም በአቅራቢያቸው መስመሮቻቸውን የሚያገናኙበት ትንሽ ክፍል ይፈልጋሉ። ባንክ ደግሞ አንዱ ማዕከሉ ቢቃጠል ወይም ቢቋረጥ የሚተካ ሁለተኛ ማዕከል ሊኖረው ይገባል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር በአንድ የመብራት መስመር ላይ ከሆነ ግን ጥቅም የለውም። ዋናው ጎሮ ያለ ድርጅት ምትኩን መሐል ከተማ ቢያደርግ፣ ዋናው መሐል ከተማ ያለ ደግሞ ምትኩን ውጭ ቢያወጣ ያስኬዳል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ መስከረም 2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ ተከራይ ከአንድ በላይ የቴሌኮም አቅራቢ መምረጥ የሚችልበት ሁኔታ ተፈጥሯል። የሁለቱንም ፋይበር በሁለት የተለያዩ መንገዶች የሚያስገባ ሕንፃ ከጎረቤቱ የበለጠ ዋጋ ይኖረዋል። ሁለቱም መስመር በአንድ ቦይ ከገባ ግን አንድ ቆፋሪ ሁለቱንም በአንድ ቀን ሊቆርጣቸው ይችላል።

የሕጉም አቅጣጫ ፍላጎት ይጨምራል ተብሎ ይጠበቃል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን መረጃ ወደ ውጭ አገር ማስተላለፍን በሁኔታዎች ወስኖታል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መረጃውን አገር ውስጥ ማስቀመጥ ለብዙ ድርጅቶች ከክርክር ማምለጫ ቀላሉ መንገድ ይሆናል። ይሁንና ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ትልልቆቹ የዓለም ኩባንያዎች በአፍሪካ ሲመጡ መጀመሪያ የመረጡት ደቡብ አፍሪካን ነው፤ ማይክሮሶፍት በ2019፣ አማዞን በ2020፣ ጉግል በ2024። እነሱን ተስፋ አድርጎ በካዛንቺስ ሕንፃ መገንባት ዝናብ ሳይታይ ዘር መበተን ነው።

ስለዚህ ለአብዛኛው ባለሕንፃ የሚያዋጣው ከላይ የተገለጸው የመጀመሪያው መንገድ ነው። ቤቱን አዘጋጅቶ ዕቃውን ለተከራዩ መተው። በተለይ አሁን አዲስ የሚገነባ ሰው ጥቂት ነገር በንድፉ ላይ ቢያስቀምጥ በኋላ ከሚያፈርሰው ያድነዋል። አንድ ወለል ጠንከር አድርጎ ማንሳት፣ ለሁለተኛ ትራንስፎርመርና ለጄኔሬተር ቦታ መተው፣ በሁለት አቅጣጫ ባዶ የኬብል ቱቦ መቅበር፣ ጣሪያውን ማቀዝቀዣ እንዲሸከም ማድረግ ይበቃል። ሲሚንቶ ሳይፈስ ይህ ትንሽ ወጪ ነው፤ ከፈሰሰ በኋላ ግን ትልቅ ሥራ ይሆናል። ተከራይ ቢጠፋ እንኳ ወለሉ ቢሮ ወይም ክሊኒክ ሆኖ ይከራያል። የተሟላ ዳታ ሴንተር ግን ደንበኛ ሲጠፋ ወደ ሌላ ነገር አይለወጥም።

ውሉ ላይ ምን ይጻፍ?

በመሐል ከተማ ለንግድ የሚሰጥ መሬት የሊዝ ዘመን በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት በአዲስ አበባ እስከ 60 ዓመት ነው። ሰርቨር አምስት ዓመት፣ ባትሪ ደግሞ ጥቂት ዓመታት ይቆያል። በስድሳ ዓመት መሬት ላይ የአምስት ዓመት ዕቃ ሲቀመጥ ውሉ ሁለቱን ማስታረቅ አለበት።

አንደኛ፣ የኪራይ ዘመኑ አጭር መሆን የለበትም። ተከራዩ ዕቃ ካስገባ አሥር ዓመት ቢሆን ለሁለቱም ይበጃል፤ ባለሕንፃው ያወጣውን ይመልሳል፣ ተከራዩም ከቦታው እንዳይነቀል ይተማመናል። ሁለተኛ፣ ኪራዩ ባለሕንፃው ባቀረበው ኃይል ልክ ይጻፍ፤ ተከራዩ ቢጠቀምበትም ባይጠቀምበትም ይክፈል። ትራንስፎርመሩ የተያዘው ለእሱ ነውና። ሦስተኛ፣ መብራት ሲቋረጥ ባለሕንፃው የሚከፍለው ካሳ ጣሪያ ይኑረው። ባንክ በአንድ ሰዓት የሚያጣው ገንዘብ የሕንፃውን የዓመት ኪራይ ሊበልጥ ስለሚችል፣ ገደብ የሌለው ኃላፊነት የፈረመ ሰው ሕንፃውን አስይዟል ማለት ነው።

አራተኛው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው። የትኛው ዕቃ የሕንፃው አካል ነው፣ የትኛው ተንቀሳቃሽ ነው? ሕንፃው በባንክ የተያዘ ከሆነና ተከራዩ በራሱ ገንዘብ ጄኔሬተርና ማቀዝቀዣ ከወለሉ ጋር አስሮ ከተከለ፣ ባለሕንፃው ብድር መክፈል ባቃተው ቀን ክርክር ይነሳል። በተንቀሳቃሽ ንብረት የሚሰጥ የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሣሪያን ራሱን አስይዞ መበደርን ስለፈቀደ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ባንኮች ሁለት ዋስትና ይዘው ሊገኙ ይችላሉ። ዝርዝሩ በውሉ አባሪ ላይ ቁጥር በቁጥር ቢሰፍርና አበዳሪው ባንክ ቢፈርምበት ጠቡ አስቀድሞ ይቀራል።

ማጠቃለያ

ጠንቃቃ ባለሀብት ደላላው ሲመጣ የሚጠይቃቸው አምስት ጥያቄዎች አሉ። ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ለዚህ ሕንፃ ስንት ኪሎዋት እንደሚሰጥ በጽሑፍ ተገኝቷል ወይ? ወለሉ እንደሚሸከም መሐንዲስ ፈርሟል ወይ? ፋይበሩ በሁለት መንገድ ይገባል ወይ? ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ኪሎዋት የሚከራይበት ውል ተፈርሟል ወይ? ዶላርና ታሪፍ ሲጨምሩ ጭማሪውን የሚሸከመው ማን ነው?

ለአምስቱም መልስ ያለው ሰው ወደ ባንክ ቢሄድ ያዋጣዋል። ለሦስቱ ብቻ መልስ ያለው ባዶውን ወለል አጠንክሮ፣ ቱቦውን ቀብሮ፣ ለቢሮ እያከራየ ቢጠብቅ ይሻለዋል። ለአንዱም መልስ የሌለው ግን የሰባት እጥፉን ወሬ ትቶ ካሬውን ይቁጠር። ከኢንቺስ ቤቶች ጀምሮ ካዛንቺስ ብዙ ዓይነት ተከራይ አስተናግዳለች፤ ያተረፉባትም ተከራዩ የሚፈልገውን ቤት ከመሥራታቸው በፊት ተከራዩን ያገኙ ናቸው።